ከጨዋታ የሚያስወጣኝ ሰው

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንዳልናገር፣ ጌም ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው ይመሻል። ስለዚህ አንተ አንባቢዬ ስማኝ። ሙክታርን ከድቼዋለሁ።

ሙክታር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። እኔ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ እሱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጋላ። ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ ጌም የሚገዛ ሰው አናውቅም፤ ሁሉም ፍላሹን ይዞ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ የተገለበጠውን ያስጭናል። እኛ ግን ኦሪጅናሉ አማረን፤ በኢንተርኔት ከሌላ አገር ሰው ጋር የሚያጫውተው እሱ ብቻ ነበርና። ጅቡቲ ያለችው የሙክታር አክስት በካርዷ ገዛችልን። እሱ ኢሜይል ስላልነበረው አካውንቱ በእኔ ተከፈተ። ችግሩ፣ በአንድ አካውንት ሁለት ሰው እኩል አይጫወትም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይባረራል። ስለዚህ ሚስኮል ሳንደራረግ አንገባም ነበር።

ሙክታር ግን ሚስኮሉን ይረሳል። በዚያ ሙቀት ቬንትሌተሩን ለኮምፒውተሩ ሰጥቼ፣ እኔ በላብ ተጠምቄ፣ ልክ ላሸንፍ ስል ያስወጣኛል። አንድ ቀን በንዴት የይለፍ ቃሉን ቀየርኩት። ለዛሬ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ብቻዬን መጫወት ግን ጣመኝ። አዎ፣ ጣመኝ! የአክስቱን ስጦታ ብቻዬን በላሁት።

ድልድዩን ተሻግሮ ቤቴ መጣ። «ሰው ጠልፎ ወሰደብን» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

«አቦ አይዞህ! ጌም ነው፣ ሰው አልሞተብህ» አለኝና የተገለበጡ ጌሞች የሞሉበትን ሃርድ ዲስኩን ከቦርሳው አወጣ። «እስከዚያ እነዚህን ተጫወት።»

የዘረፍኩት እኔ፣ የሚያጽናናኝ እሱ! ያኔ እውነቱን ለምን አልተናገርኩም? አፌን ማን ያዘው? ማንም። እኔው ነኝ የዘጋሁት።

ብዙም ሳይቆይ ወደ አክስቱ፣ ወደ ጅቡቲ ሄደ። ዛሬ ደመወዝ አለኝ፣ የገዛኋቸውን ጌሞች ተጫውቼ አልጨርሳቸውም፣ ከመሃል የሚያስወጣኝም የለም። ሙክታር ናፈቀኝ። መባረሩ ራሱ ናፈቀኝ። የይለፍ ቃሉን ወደ ድሮው፣ የሁለታችንን ስም አጋጥመን ወደሠራነው መልሼዋለሁ። አንድ ቀን ድንገት ቢሞክረውና ላሸንፍ ስል ቢያስወጣኝ እያልኩ እጫወታለሁ።

ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ አለ። የማልደውለው ቁጣውን ፈርቼ አይደለም፤ ቢቆጣኝማ በታደልኩ። የምፈራው «አቦ አይዞህ» እንዳይለኝ ነው።