ማንግሮቩን ማን ለካው

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ አልረሳሁም፤ መርሳትም አልፈልግም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ስቶክሆልም ማስተርሴን ስማር፣ መምህራችን እኔንና አንድ የአገሬን ሰው ወደ ኬንያ ጠረፍ ላኩን። ሥራችን ማንግሮቭ የሚባለውን፣ ባሕር ዳር ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ደን ማጥናት ነበር፤ ስንት ዓይነት ዛፍ እንዳለው፣ ወደ ባሕሩ የሚቀድመው የትኛው እንደሆነ፣ ወደ የብሱ የሚቀረው የትኛው እንደሆነ፣ ግንዳቸው ምን ያህል እንደሚወፍር። ሰውየው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነበር የምለው። አገር ቤት የጥድ ደን ሲለካ የኖረ ባለሙያ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ እኔ እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ሜትር እጠመጥማለሁ፤ ጋሼ «ጨጓራዬን» ብሎ ሆቴል ይተኛል።

ስንመለስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሥራዬን በራሱ ስም ብቻ ጽፎ ለዶክትሬት ቦታ አመለከተ! ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ እኔም የምመኘው እሱኑ ነበር። ስጠይቀው «የኔና ያንቺ ምን ልዩነት አለው፣ እህቴ?» አለኝ። ወይ ነዶ!

ለመምህሩ ልናገር መሆኔን ሲሰማ ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ስፖንጋ ከሚባለው ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ ሽማግሌ ላከብኝ። ሁለት የቤተክርስቲያን አባቶች በበረዶ መጡ።

«ልጄ፣ በሰው አገር ወንድምሽን አታዋርጂ» አሉኝ ታላቅየው።

«እርስዎ ካሉ እተወዋለሁ፣ አባቴ። እሱ ግን ሥራውን ሲያቀርብ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ የለካችው እሷ ናት ይበል።»

በማግስቱ «እሺ ብሏል» ብለው ደወሉልኝ።

የማቅረቢያው ቀን ከኋላ ተቀመጥኩ። ጋሼ «እኔ ስለካ»፣ «እኔ ስመለከት» እያለ ጀምሮ፣ «እኔ» እያለ ጨረሰ። ስሜን አልጠራም። ደሜ ፈላ፤ እጄን አወጣሁ።

«ያ ባሕሩ አፍ ላይ ያለው፣ ሥሮቹ ከግንዱ ወጥተው ወደ ጭቃው የሚወርዱት ዛፍ፣ ሜትሩ የቱ ጋ ነው የተጠመጠመው?»

«እንደ ማንኛውም ዛፍ ደረት ቁመት ላይ ነዋ!» አለ፣ በኩራት።

ጥድ አዎ፣ እንደዚያ ይለካል። ያ ዛፍ ግን ደረት ቁመት ላይ ያለው ሥር ብቻ ነው፤ ግንዱ የሚለካው ከላይኛው ሥር በላይ ነው። እዚያ ጭቃ ውስጥ አንድ ቀን የዋለ ሰው አይስተውም። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ማን ነው የለካው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጋሼን ላብ አጠመቀው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ታላቅየው ሽማግሌ ደውለው «ጨከንሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ ጨከንኩ» አልኳቸው።

ሰኞ መምህሩ ቢሯቸው አስጠርተው ቦታው የኔ መሆኑን ነገሩኝ። ስዊድኖች ግን ጸብ አይወዱም፤ ቡና ቀድተውልኝ ሲያበቁ ለስለስ ብለው «ከጥናቱ የሚታተመው ጽሑፍስ? የሁለታችሁ ስም አብሮ ቢወጣ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ሁለታችን? የኔና የማን?» አልኳቸው።