ያለ ሚስማር የቆመው ጣሪያ

ወርቅውሃ ፒኮ ሮበርትሰን በሚባለው ሰፈር የሚኖሩትን ጃፓናዊ ሽማግሌ፣ ሚስተር ሞሪን፣ መንከባከብ ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል። ታላቅ ሰው በስም መጥራት ስለማይሆንላት «አባባ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ለምደውታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ። አሁን ግን የመርሳት በሽታ ከቀን ወደ ቀን እየወሰዳቸው ነው።

አንድ ማክሰኞ ልጃቸው ኤማ ከሥራ ደወለች። «አባዬ ልጅ ሆኖ ያደገበት ቤተ መቅደስ እዚሁ ከተማ አለ፤ ምናልባት ቢያየው ያስታውስ ይሆናል። ትወስጂልኛለሽ?»

ወርቅውሃ ጴንጤ ናት። የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሲባል ቅር አላት፤ ቢሆንም እምቢ ማለት አልቻለችም። ድራይቭ አድርጋ ወሰደቻቸው።

በሩ ጋ ስትደርስ አንጋጣ ቀረች። የጣሪያው ጠርዝ ሽቅብ ቆልመም ብሏል፤ ከሥሩ ወፋፍራም እንጨቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ያን ሁሉ ሸክላ ተሸክመውታል። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ በዕድሜዋ አላየችም።

«አንድ ሚስማር የለበትም» አሉ ሽማግሌው ከዊልቸራቸው ላይ ቀና ብለው። የሁለት እጃቸውን ጣቶች ቆላለፉ። «እንዲህ ነው የሚያያዘው። መሬት ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። ያን ጥግ የሠራው አባቴ ነው።»

ወርቅውሃ በደስታ የምትሆነውን አጣች። እንዲህ አጥርተው ከተናገሩ ወራት ሆኗቸዋል። ለኤማ ልትቀርጽላት ስልኳን ስታወጣ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አባቴስ? አሁን እላይ ነበር እኮ። የት ሄደ?»

«አባባ፣ እሳቸው…» ብላ ዋጠችው። ሞተዋል ብትል መርዶውን እንደ አዲስ ልታረዳቸው ነው። ይመጣሉ ብትል ውሸት ነው።

«ሳይወርድ አልሄድም!» የዊልቸሩን ጎማ ጨምድደው ያዙ። ወደ ጣሪያው እያዩ በጃፓንኛ ይጣሩ፣ ያለቅሱም ጀመር። ከምታውቀው ቋንቋ አንዱም አልጠቀማትም። ግራ ቢገባት ኤማን በስፒከር አገናኘቻቸው።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ኤማ።»

«ማናት ይቺ?» አሉ ወርቅውሃን።

 ከስልኩ «ምን እንደምል አላውቅም» የሚል የተሰበረ የኤማ ድምፅ ተሰማ።

ለሁሉም ነገር ጸሎት የማይጠፋት ወርቅውሃ ያን ቀን አንድ ቃል አልወጣ አላት። የበሩ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ተንበርክካ እጃቸውን ብቻ ያዘች። ደክሟቸው እስኪያንቀላፉ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆዩ።

በመኪና ስትመልሳቸው ፌርፋክስ መንገድ የትራፊክ መብራት ላይ ነቁ።

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደ ቤት፣ አባባ።»

«ጥሩ። አባቴ እየጠበቀኝ ነው» አሉ ፈገግ ብለው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቤት ሲደርሱ አባታቸውን እንደገና ሊፈልጉ ነው፤ ከኋላ ክላክስ ሲያስጮሁባት እንኳ እግሯ ነዳጁን መርገጥ አቃተው።