የጋሽ ከድር ማተሚያ መኪና

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ አምቦ ከተማ፣ በጥር ወር፣ የሠርግ ሰሞን። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ሰሞኑን ልጄ ባትጠይቀኝ ኖሮ ለማንም ሳልተነፍሰው ይዤው እቀበር ነበር።

ልጄ ጉደር፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ፣ የኮፒና የሕትመት ሱቅ ልትከፍት ተነሣች። "እማዬ፣ ማሽኑን ልከራይ ወይስ ልግዛ?" አለችኝ። ቶሎ ባልመልስላት ያልሰማሁ መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችልኝ። ሰምቻታለሁ። ግን መከራየትና መግዛት የሚባለው ነገር እኔን የት ድረስ እንደሚወስደኝ እሷ በምን ታውቃለች? ያን ጊዜ እሷ ሆዴ ውስጥ ነበረች።

እኔ ጫልቱ እባላለሁ። በልጅነቴ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ፊደል መልቀም ተምሬአለሁ። ፊደል መልቀም ማለት ከእርሳስ የተሠሩ ፊደሎችን ከሳጥናቸው አንድ በአንድ እያነሱ ቃል አድርጎ መደርደር ነው። መምህር አግብቼ አምቦ ስገባ እጄ ላይ የነበረው ሙያ ይኸው ብቻ ነው። የማትምበት መኪና ግን አልነበረኝም።

መኪናው ያለው ጋሽ ከድር ዘንድ ነበር። ጋሽ ከድር ምስማርና ማጠፊያ፣ ቆርቆሮና ቀለም የሚሸጡ የስልጤ ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው ኦቦ ከድር ይላቸዋል። በእግር የሚረገጠው ማተሚያ የሟች ወንድማቸው ነው። አቧራ ለብሶ መጋዘናቸው ውስጥ ተቀምጦ አየሁትና ለምኜ ተከራየሁት። ከሱቃቸው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ይዤ አስገባሁት። ውል ስንጻጻፍ እሳቸው አንድ ነገር ካልገባ ብለው ድርቅ አሉ፤ "ዘይት መቀባትና ማጽዳት የአከራዩ ሥራ ነው" የሚል። እኔም አንድ ሥራ ቀለለልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ መጀመሪያው ዓርብ ነበር። ጋሽ ከድር በየሳምንቱ ዓርብ፣ መስጊድ ከመሄዳቸው በፊት፣ የዘይት ጣሳቸውንና አሮጌ ጨርቃቸውን ይዘው ከች ይላሉ። መኪናውን ያስቆሙኛል። ብሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ ያያሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። አማርኛ ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፤ የመኪናውን ድምፅ ግን አሳምረው ያውቁታል።

ከሁሉ የሚያስቸግሩኝ ቁጥር መምቻዋ ላይ ነው። ቁጥር መምቻ ማለት ደረሰኝ ላይ ተከታታይ ቁጥር የምትመታ ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። መኪናው በተረገጠ ቁጥር ውስጧ ያሉት ጎማዎች እየዞሩ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ትሄዳለች። ጋሽ ከድር እሷን ነቅለው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ ብለው ነበር የሚያጸዷት። እኔ ደግሞ ዳር ቆሜ እግሬን አወዛውዛለሁ።

ቁጡ ነኝ። ዕድሜ አበረደኝ እንጂ ያኔማ እሳት ነበርኩ። ንብረቴን ታበላሽብኛለች ብለው የሚሰልሉኝ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ለባሌ ሳማርር "ዘይት ቀቡልሽ እንጂ ምን አደረጉሽ?" ይለኛል። እሱ ምን ቸገረው፣ ጉደር ትምህርት ቤቱ ሄዶ ይውላል።

የኔ ሕልም መኪናውን መግዛት ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ወር በመጣ ቁጥር ለሰው ዕቃ ስከፍል ያንገበግበኛል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሽጡልኝ አልኳቸው። በሦስተኛው የጆሮ ወርቄን ሁሉ ሸጬ ገንዘቡን ይዤ ነው የሄድኩት። ጋሽ ከድር ገንዘቡን አላዩትም፣ ጆሮዬን ነው ያዩት። "አይሸጥም ልጄ። ተከራይተሽ ሥሪ" አሉኝ። ምክንያቱን ብጠይቅ መልስ የለም። ኪራዩ ጥሟቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቴን አጠቁርባቸው ጀመር።

እንዲህ እያልን ያ ጥር መጣ። የሠርግ ጥሪ ካርድ እንደ ጉድ ተከመረብኝ። ከጊንጪ፣ ከእጃጂ ሳይቀር ሰው ይመጣል፤ ሁሉም ዛሬ ካልደረሰልኝ ነው። በዚያ ላይ ጊንጪ አካባቢ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ደረሰኝ አዝዞኛል፤ መቶ መቶ ቅጠል ያላቸው ጥራዞች። እኔ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ፤ እግሬ አብጧል፣ ወገቤ ተቆርጧል።

ዓርብ ሆነ። ጋሽ ከድር ጣሳቸውን ይዘው፣ "አካም ቡልቴ ጫልቱ" እያሉ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ሊሉኝ መጡ። እኔ የደረሰኙን ሥራ እየረገጥኩ ነበር። መርገጡን ትቼ በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

"ዛሬስ አይሆንም ጋሽ ከድር። አልሸጥም ካሉ ቢያንስ ልሥራበት!" አልኳቸው።

ጋሽ ከድር ቁጥር መምቻዋን ብቻ ልያት አሉ። ለሳምንት ይምጡ ብዬ መለስኳቸው። "እሺ ልጄ" ብለው ጣሳቸውን እንደያዙ መንገዱን ተሻገሩ። ጀርባቸውን እያየሁ ትንሽ ከበደኝ፤ ግን ካርዱ ይጠብቀኛል። ያን ዕለት ጥራዝ በጨረስኩ ቁጥር የመጨረሻውን ቁጥር የማየት ልማዴንም ተውኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሳምንት አለፈ፣ ሠርጉም አለፈ። ጋሽ ከድር በሚቀጥለው ዓርብ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥተው መኪናውን ቀቡ፤ ቁጥር መምቻዋን ግን ደረሰኙ ስላለቀ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከትቻት ነበር። የካቲት ሲገባ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ሰዎች ገቡ። አንደኛው መርማሪ ነው። ሁለት የደረሰኝ ጥራዞች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የያዙት።

በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደነበር ያልኖረበት አይገባውም። መንታ ደረሰኝ ማለት በአንዱ ለማኅበሩ፣ በሌላው ለኪስ መሰብሰቢያ ማለት ነው። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ታስሯል፤ አሁን የሚፈለገው አትሞ የሰጠው ተባባሪ ነው። መርማሪው "ይህ መኪና የማን ነው?" አለኝ።

"የኔ አይደለም፤ ተከራይቼው ነው" አልኩ።

አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ የኔ ይሁን፣ የኔ ይሁን ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል የኔ አይደለም የሚል ሆነ። ያውም ባለቤቱ የት ነው ሳልባል በጣቴ የጋሽ ከድርን ሱቅ አሳየሁ።

ጋሽ ከድር መጡ። ሁለቱን ጥራዞች አገላብጠው አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ፣ ሆዴን አዩ። ነገሩ ወዲያው እንደገባቸው ከፊታቸው አውቄያለሁ። ወደ መርማሪው ዞረው፣ "መኪናው የኔ ነው። ዘይት መቀባቱም በውል የኔ ሥራ ነው። አንድ ዓርብ ሳልቀባ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

ሳልቀባ ቀረሁ አሉ እንጂ ከበር መለሰችኝ አላሉም። ሲወስዷቸው በአጠገቤ አለፉና "ሂን ሶዳቲን" አሉኝ፤ አትፍሪ ማለታቸው ነው።

ሰዎቹ ሲሄዱ በሩን ዘጋሁ። ቁጥር መምቻዋን ከመሳቢያ አውጥቼ በእጄ ወረቀት ላይ መታሁባት። መጀመሪያ ደህና ናት። ደጋግሜ ስመታ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት፣ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ አለች። ቀጥሎ አራት መቶ መምጣት ሲገባው ተመልሳ ሦስት መቶ አለች። የመቶዋ ጎማ ተጣብቃ አልዞረችም። ገንዘብ ያዡ ሌባ አልነበረም፣ ጋሽ ከድርም ተባባሪ አልነበሩም። ያን ዓርብ አንዲት ጠብታ ዘይት ነበር የጎደለው፤ ያስቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ታዲያ ወዲያው ሮጬ አልሄድኩም። እውነቱን ልናገር። ያን ቀን ሙሉ፣ ማግስቱንም፣ ቤቴ ተቀምጬ ዋልኩ። ባሌ ነገሩን ስነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሁለት ልጆች አሉን፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። ብታሰርስ? እስር ቤት ብወልድስ? እስክትወልጂ እንቆይ ይላል፣ መልሶ ደግሞ አይሆንም ይላል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኒያ ሽማግሌ ስንት ቀን ሊቀመጡልኝ ነው?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁጥር መምቻዋን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ውሉን ይዤ ሄድኩ። መርማሪው ፊት ወረቀት ዘርግቼ መታሁለት። ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ ከዚያ ሦስት መቶ። ራሱ ተቀብሎኝ ደግሞ ሞከረ። ያው ነው። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

"ዓርብ ዘይት ሊቀቡ መጥተው ነበር። ከበር የመለስኳቸው እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔን እሰሩኝ" አልኩት። እንባዬ ቀድሞኝ ነበር።

መርማሪው ጋሽ ከድርን አስጠራቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ጢማቸው አድጎ፣ ጉስቁል ብለው መጡ። እሷ ናት የመለሰችዎ፣ እውነት ነው ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ከድር እኔን ገረፍ አድርገው አዩኝና "እኔ ሽማግሌ ነኝ። አላስታውስም" አሉ።

ያ ኮስታራ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የማኅበሩን ገንዘብ እንደገና አስመርምሮ ምንም እንዳልጎደለ አረጋገጠ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ከድር ተለቀቁ፤ ገንዘብ ያዡም በማግስቱ ቤቱ ገባ። የኔ ቅጣት ደረሰኙን በሙሉ በራሴ ወረቀት እንደገና ማተም ሆነ። እግዜር ይስጠው።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ በሆዴ፣ እሳቸው በእግራቸው ምክንያት ቀስ እያልን ነበር የምንሄደው። ይቅርታ ስላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። መኪናውን ለምን እንዳልሸጡልኝ ያን ጊዜ ጠየቅኳቸው።

"ቁጥር መምቻዋ ወንድሜ እያለም ታስቸግር ነበር። ነውር ያለበትን ዕቃ ብሸጥልሽ ነውሩ ያንቺ ይሆናል፤ አንቺ ደግሞ የልጆች እናት ነሽ። ከተከራየሽው ግን ነውሩ የኔ ነው" አሉኝ።

ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ቆጣ አልኩ፤ ቁጣ የማይለቀኝ ሴት ነኝ። ጋሽ ከድር ፈገግ አሉና፣ ብነግርሽማ ኪራዩን ይቀንሱ ትይኝ ነበር አሉኝ። መንገድ መሃል ቆሜ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ወለድኩ። ሴት ናት። ጋሽ ከድር ሊጠይቁኝ ሲመጡ ለሕፃኗ ጨርቅ፣ ለኔ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ብፈታው ቁጥር መምቻ ነው፤ መርካቶ ድረስ ሄደው ፈልገው፣ መትተው ሞክረው የገዙት። አሮጌዋን አስቀርተው "አሁን መኪናው ይሸጣል" አሉኝ።

የሽያጩን ውል ባሌ ጻፈው። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ካልገባ ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ፤ "ዓርብ ዓርብ ዘይት የሚቀባው ሻጩ ነው" የሚል። ባሌ ሲያነብላቸው ጋሽ ከድር ከልባቸው ሳቁ። ኋላ ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በጨርቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ያቺው የዘይት ጨርቅ ስለነበረች ጉንጫቸው ጠቆረ፤ አልነገርኳቸውም።

ዓመታት መጡ። እግራቸው እንቢ ሲል እኔ ቁጥር መምቻዋን በነጠላዬ ቋጥሬ ዓርብ ዓርብ ቤታቸው እሄድ ነበር። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይቀቧታል። ካረፉ ቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። መኪናው ዛሬ ሥራ ፈትቶ ቤቴ ጥግ ቆሟል።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ሰማችኝና በመጨረሻ "እና እማዬ፣ ልከራይ ወይስ ልግዛ?" አለችኝ። የዘመኑ ልጅ! እኔ ማሽኑን አላውቀውም፣ የሚያከራይሽን ሰውዬ እይው አልኳት። አየችው፤ ወደደችው፤ ተከራየች።

እስካሁን የሚያሳፍረኝ መታሰርን መፍራቴ አይደለም፤ ፍርሃት ለሰው ነው። የሚያሳፍረኝ ያ በር ነው፤ ጣሳቸውን እንደያዙ "እሺ ልጄ" ብለው የተመለሱበት። ሱቁ የተከፈተ ሰሞን ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ጉደር ወረድኩ፤ የዘይት ጣሳና ጨርቅ ይዤ። ልጄ ስታየኝ በሳቅ ፈረሰች። "እማዬ፣ ይሄ እኮ ዘይት አይፈልግም!" አለችኝ። እንግዲያው አቧራውን ልጥረግ ብዬ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እሄዳለሁ። ሥራ ሲበዛባት አያለሁ፣ ተማሪው ተሰልፎባት፣ እኔ በጨርቄ መሃሏ ስገባ። እስካሁን ከበር አልመለሰችኝም።