ከጓሳ ሜዳ የወረደው ትምህርት ቤት

ማክሰኞ ማለዳ፣ ጎንደር

አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል ስለተባልኩ አሥር ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሰማዩ መገርጣት ሲጀምር አንድ ሰው ከቢሮው ብቅ ብሎ፣ «የደባርቅ አውቶቡስ ዛሬ የለም። ለስብሰባ ሰው እንዲያመላልስ ተወስዷል» አለን። መቼ ተወሰደ? ትናንት በጠዋት። ታዲያ ትናንት ከሰዓት በኋላ ትኬት ለምን ሸጥክልኝ? «ትኬቱማ አይበላሽም፤ ለሌላ ቀን ይሠራል።»

እኔን የላከኝ ለመምህራን የሚታተም ጋዜጣ ነው። ትእዛዙ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ የደባርቅ ከተማ ትምህርት ቤት መቼ፣ በማን፣ እንዴት እንደተከፈተ ጠይቀሽ ጽፈሽ ነይ፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ያመጣውን ለውጥም ጨምሪበት። አለቃዬ «ሁለት ቀን ይበቃሻል» ብሎኛል። አለቃዬ ከወንበሩ ርቆ ሲሄድ ያየሁት ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው።

ስኳርና ሳሙና የጫነ የጭነት መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ጋሽ ካሳዬ ይባላል። ወፍራም ነው፣ ፎጣ በአንገቱ ጠምጥሟል፣ ጋቢናው ውስጥ ከእኔ በፊት አንድ ሽማግሌና አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ገብተዋል። አራት ሆነን ተጣበቅን። ዶሮዋ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ቀሚሴን ስትነቁር ሄደች።

ረፋድ ላይ፣ ዳባት

የወገራ እርሻ በግንቦት ጥቁር ነው። ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። መንገዱ ኮረኮንች፣ አቧራው ቀይ፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሻይና ትኩስ የገብስ ዳቦ ቀመስን። እስከዚህ ድረስ ጉዞው ጉዞ ይመስል ነበር።

ዳባት ኬላ ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘብ የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየው።

«ጓድ፣ ውረጂ። ደርሰሻል።»

«የምሄደው ደባርቅ ነው።»

«ወረቀቱ ዳባት ነው የሚለው።»

አየሁት። እውነትም ዳባት ይላል። ጎንደር ያለችው ታይፒስት እጇ አዳልጧት ይሁን፣ ወይም ሁለቱ ከተሞች አንድ መስለዋት፣ እንጃ። የትየባ ስሕተት ነው ብል፣ የምሄደው ትምህርት ቤት ለማየት ነው ብል፣ ሰውየው ወይ ፍንክች። ጋሽ ካሳዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ወንድሜ፣ የገዛ እናቴ እንኳ ሁለቱን ታምታታለች፤ አሳልፋት» አለው። ዘቡ ሳቅ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አላሳለፈኝም። ወረቀቱን አስተካክሎ ማኅተም የሚመታልኝ ሰው ዳባት ውስጥ አለ። ግን ለቅሶ ሄዷል። የት? ገጠር። መቼ ይመለሳል? «ሲቀብሩ።»

ጋሽ ካሳዬ ስኳሩን ይዞ ሄደ። እኔ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሽሮው ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። አጠገቤ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተቀምጠው ነበርና ሥራዬን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«የደባርቅ ትምህርት ቤት ታሪክ? ልጄ፣ ደባርቅ ምን ትምህርት ቤት ነበረውና? የደባርቅ ልጆች ስንቃቸውን ቋጥረው እዚህ አልነበረም እንዴ የሚመጡት! ሰኞ ይመጣሉ፣ ዓርብ ይመለሳሉ። እኔ ራሴ አስተምሬያቸዋለሁ። ዳባት ብለሽ ጻፊ።»

ማኅተም መቺው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጦ መጣ። ነፍስ ይማር አልኩት። ስለ ሟቹ ይነግረኝ ጀመር፤ አጎቱ ናቸው። እየሰማሁ፣ በልቤ ወረቀቴን እያሰብኩ፣ በራሴም እያፈርኩ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ማኅተሙን መታልኝ፤ በማግስቱ በሌላ መኪና ደባርቅ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ደባርቅ

ደባርቅ በነፋስ መካከል የተተከለች ከተማ ናት። አንድ ረጅም መንገድ፣ በግራና በቀኝ የቆርቆሮና የሣር ቤቶች፣ ከጀርባ የባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሽቅብ ይሄድና ሰማይ ይሆናል። ሰዉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ጠቅልሎ ይራመዳል።

የሰፈሩን ታሪክ ያውቃሉ ከተባሉ አንድ መሪጌታ ዘንድ ወሰዱኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እጅ ነሥቼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ትምህርት ቤት ስትዪ የትኛውን ነው?» አሉኝ። «ፊደልና ዳዊት ከሆነ እዚህ ዛፍ ሥር ሲባል የኖረ ነው፤ መጀመሪያውን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«የመንግሥቱን ነው፣ አባቴ።»

«እሱማ የትናንት ነው። ጣልያን ጥሎት በሄደው መጋዘን ነው የተጀመረው። ልጆቹ ዘይት ዘይት ይሸቱ ነበር። የዳባት ልጆች ሳይቀሩ ትምህርት ፍለጋ ወደዚህ ይመጡ ነበር።»

«አባቴ፣ ዳባት ላይ እኮ የደባርቅ ልጆች ናቸው ወደዚያ የሚመጡት ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለሽ?» አሉ መሪጌታ። «መምህሩ ነው አይደል? እሱን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የከተማው ካድሬ አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ካኪ ለብሷል፣ ጠረጴዛው ላይ ሊሠራ የታሰበ አዳራሽ ንድፍ ተዘርግቷል። ከሁለት ወገን የሰማሁትን ስነግረው ፈገግ አለ።

«ጓድ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ከአብዮቱ በፊት የነበረው ለባላባት ልጆች ነው። ከአብዮቱ ጀምሪና ጻፊ።»

«ከዚያ በፊት የተማሩትስ?»

«እነሱን ተያቸው። ይልቅ ሞዴል ትምህርት ቤት ከፈለግሽ ከቡይት ራስ በላይ ጓሳ ሜዳ ሂጂ። ገበሬዎቹ ራሳቸው የሠሩት ነው። ቶሎ ግን። ሰዎቹ ከዱር አራዊት ፓርኩ ክልል ወጥተው ከተማው ዳር እንዲሰፍሩ ተወስኗል። የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ለአዳራሻችን እናወርደዋለን።» ንድፉን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ጣራው የት እንደሚያርፍ እያሳየኝ ነበር።

ሐሙስ፣ የቡይት ራስ አቀበት

በቅሎ ተከራየሁ፤ ባለበቅሎውም አብሮኝ መጣ። በቅሎዋ እንደ እኔው በዚህ ጉዞ አላመነችም። አሥር እርምጃ ትሄድና ትቆማለች። ከቡይት ራስ ወዲያ ገደሉ በድንገት ይከፈታል፤ ጭጋጉ ከሥር እንደ ወተት ይፈላል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለዚህ ብቻ አንድ ገጽ እጽፍ ነበር። ያን ቀን የማስበው ወገቤን ነው።

አቀበቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ፣ ከፊታችን አንድ ነገር በፀሐይ ብልጭ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሜዳው ሙሉ ብልጭልጭ ሆነ። ባለበቅሎው ቆመ። «ምንድን ነው እሱ፣ እማምላክ?»

ቆርቆሮ ነበር። ሰዎች ቆርቆሮ በጀርባቸው አዝለው በተርታ ይመጣሉ። ነፋሱ ሲመጣ ሁሉም በአንድነት ጎንበስ ይላሉ፣ ሲያልፍ ቀና ይላሉ። ሁለት ጎልማሶች በር ተሸክመዋል። አራት ሴቶች ጥቁር ሰሌዳ እንደ ቃሬዛ ይዘዋል። ልጆቹ አግዳሚውን ለሦስት ለአራት ሆነው ይጎትታሉ። ከፊት ከፊት አንዲት ቀጭን ሴት የጠመኔ ካርቶን በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋለች።

«ጓሳ ሜዳ ትምህርት ቤት ስንት ይቀረዋል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ይኸው» አለችኝ፣ ወደ ኋላዋ እያሳየች።

መምህርት አስናቀች ትባላለች። ከላይ እስከ ታች አየኋት። ያ ሁሉ አቀበት! ወገቤ! ልናገር የፈለግሁትን ግን ዋጥሁት፤ ሴትዮዋ ከእኔ ይልቅ ደክማለች። በቅሎዬን አዙሬ ወረድኩና አብሬያቸው በእግሬ ሄድኩ። በቅሎዋ ላይ አግዳሚ ጫንን። ቁልቁለቱን ያለ አንድ መቆም ወረደችው።

«ለምን አልተዋችሁትም? ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት አለ እኮ» አልኳት።

«ጠይቄያለሁ። ሞልቷል፣ ተራ ጠብቁ አሉኝ። አንድ ዓመት የጠበቀ ልጅ ተመልሶ አይመጣም፤ ከብት ያግዳል። ቤቱን ትተነው ከወረድን ደግሞ በማግስቱ ጣራው እንደማይኖር ሰምተናል።»

ከአጠገባችን ቆርቆሮ ተሸክመው የሚሄዱት የጓሳ ሜዳ ሽማግሌ አያ ዘለቀ ናቸው። መንገዱ ሲታጠፍ ሸክማቸውን አውርደው ወደ ኋላ አዩ። ጓሳ ሜዳ ከዚያ በኋላ አይታይም።

«የራስዎን ቤት ምን አደረጉት፣ አያ ዘለቀ?»

«ትቼው መጣሁ። ሣር ነው። ሣር ደባርቅም ይበቅላል።» ቆርቆሮውን መልሰው ተሸከሙ። «ይኸ ግን አይበቅልም።»

ሐሙስ አመሻሽ፣ ደባርቅ ዳር

ለሰፈራ የተሰጣቸው ቦታ ጉቶ የበዛበት ሜዳ ነው። ሸክማቸውን እንዳወረዱ ካድሬው ከሁለት ሰዎችና ከአንድ ጋሪ ጋር ደረሰ። አስቀድሞ አመሰገናቸው። ንብረቱን እስከዚህ በማምጣታችሁ ድካም አቃለላችሁልን አለ። ከዚያ ሰዎቹን «ጫኑ» አላቸው።

አያ ዘለቀ ከቆርቆሯቸው ፊት ቆሙ። «ይቺ የኔ በግ ናት» አሉ።

«ምን?»

«በጌን ሸጬ ነው የገዛኋት። ያች የቄሱ ናት። እዚያ የዛገችው የየሺ፤ ጊደሯን የሸጠች ጊዜ። ሁሉም ባለቤት አለው።»

«አባት፣ ይህ የሕዝብ ንብረት ነው።»

«እንዴታ። ሕዝቡም ይኸው ተሸክሞት መጣ።»

የካድሬው ፊት ተለዋወጠ። ያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ንግግር ሰውን የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። አስናቀች ግን ሰሌዳውን ጉቶ ላይ አስደገፈችና አጨበጨበች።

«የመሠረተ ትምህርት ሰዓት ደርሷል! አዋቂዎች፣ ቦታ ያዙ!»

አንድ ሰው ገባው፣ ከዚያ ሁሉም ገባቸው። እያንዳንዱ የየራሱ ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለ። አስናቀች ወደ ካድሬው ዞራ በትሕትና፣ «ጓድ፣ ዘመቻው እንዳይስተጓጎል መመሪያ አለ። ይቀመጣሉ ወይስ ትምህርቱ ሲያልቅ ይመለሳሉ?» አለችው።

ሰውየው ዞር ሲል እኔን አየኝ። መናኸሪያው፣ ኬላው፣ ያ ሁሉ አቀበት አንድ ላይ ትዝ አለኝና አፌ ከእኔ ቀደመ።

«ጓድ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ። ገበሬው ሜዳ ላይ ሲማር የተገኙ አመራር ብዬ ስጽፍ እንዳልሳሳት።»

ካድሬው ኮሌታውን አስተካክሎ ስሙን ነገረኝ፤ እንዲያውም ፊደል በፊደል። ጋሪው ባዶውን ተመለሰ። እነ አያ ዘለቀ አስናቀች ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን «በ» በኅብረት ጮኹ።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ጠዋት መኪና የለም። ስለዚህ ጭቃ አቦካሁ። ምሰሶ ተተከለ፣ ማገር ተመታ፣ ጣራው ሳይመሽ ተመታ፤ ካድሬው ሐሳቡን ሳይቀይር ለመቅደም ሁሉም ይሮጣል። ግድግዳው ገና ተመርጎ አላለቀም፤ ነፋስ እንደልቡ ይገባል ይወጣል። ካድሬው ግን አልመጣም። ይመጣ ይሆናል ብለን እስከ መጨረሻው መንገዱን ስናይ ነበር።

ቅዳሜ ጋሽ ካሳዬ ስኳሩንና ሳሙናውን አራግፎ ሲመለስ አገኘኝ። ዝናብ ጀመረ፣ ያ ወገራ ሲጠብቀው የነበረ ዝናብ። በአዲሱ ትምህርት ቤት አጠገብ ስናልፍ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላ ድምፅ አያሰማም። አስናቀች መናገሩን ትታ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ጋሽ ካሳዬ ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋልኝ። ልሰናበታቸው እጄን በመስኮት አወጣሁ። አንድም ሰው ዞር አላለም። እጄ ረጠበ፣ መለስኩት።

ጎንደር ስገባ ጨለማ ነበር። ጫማዬ ጭቃ፣ ቀሚሴ የተቦጫጨቀ፣ ድምፄ የጠፋ። እኅቴ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «እሺ፣ የደባርቅ ትምህርት ቤት መቼ ነው የተከፈተው?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ውኃ ስጪኝ» አልኳት።