ሳር ያልነካው ጉልበት

«ቋ!» ትላለች እንጨቷ ኳሱን ስታገኘው። ዛሬም ያው ናት። የልጅ ልጄ እጄን ይዛ ኒዳ ወንዝ ዳር ወዳለው ሜዳ ባታመጣኝ ኖሮ ይኼ ድምፅ ከጆሮዬ የጠፋ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም ለካ። ገና አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ አንዴ «ቋ!» ስትል የታጨደ ሳር፣ ቅባት የጠጣ የቆዳ ጓንት፣ የእህቴ ሽቶ፣ ሁሉም ሽታ ባንድ ላይ መጣብኝ።

«ኦማ፣ አለስ ጉት?» አለችኝ ልጅቱ፤ አያቴ፣ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

«ደህና ነኝ የኔ እናት» አልኳት። ምን ልበላት? ለአንቺ ግን ልንገርሽ።

ያኔ ገና ለጋ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ሕፃኗን እንድይዝላት ብላ ወደዚህ፣ ወደ ጀርመን አገር አስመጣችኝ። የምንኖረው ሮደልሃይም የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል። እህቴ ኢነንሽታት፣ መሀል ከተማው፣ አንድ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ባሏ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ሥራው ቤዝቦል መጫወት። ደሞዝ እየተከፈለው! መጀመሪያ ስሰማ፣ ትልቅ ሰው ኳስ ተጫውቶ ልጅ ያሳድጋል ወይ ብዬ ስቄያለሁ።

መልኩ የእኛን ሰው ስለሚመስል ባንሆፍስፊርቴል፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሰፈር፣ ስንሄድ አበሻው ሁሉ በአማርኛ ያናግረዋል። ያን ጊዜ የሚያውቃት አንዲት መልስ ነበረችው። «ወንድም፣ ስንት ሰዓት ነው?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን!» «ባቡሩ ሄደ እንዴ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን!» እህቴ መንገድ ላይ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ቆይቶ ግን ከእኔ ጋር እየተንተባተበም ቢሆን ማውራት ለመደ። እኔም ጋሼ እለዋለሁ።

ጨዋታው ምን መሰለሽ፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው እንደ ገና ዱላ ባለ እንጨት ይመታል። ከሩቅ፣ አጥሩ አጠገብ ደግሞ ሦስት ሰዎች ሳሩ ላይ ተበትነው ይቆማሉ፤ የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ለመያዝ። ጋሼ መሀለኛው ነበር። እንጨቷ «ቋ!» ስትል፣ ሌላው ገና አንገቱን ሲያቀና፣ እሱ ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ ይሮጣል። አያየውም እኮ! ከድምፁ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ጓንቱን ከፍ ያደርጋል፤ ኳሱ ቤቱን እንደሚያውቅ እርግብ መጥቶ ይገባለታል።

ማንም አያጨበጭብም። ምን ብሎ ያጨብጭብ? ቆሞ የነበረ ሰው ኳስ ያዘ፣ በቃ። በግራው በኩል የሚቆመው ጀርመን ግን ዘግይቶ ተነስቶ፣ ተወርውሮ፣ ሳሩ ላይ ተንከባሎ ሲይዝ ሰዉ ይነሳል፣ ያፏጫል። አሜሪካም እንደዚሁ ነበር አሉ። ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ሲንከራተት ኖሮ፣ ትልቁ ቡድን የወሰደው አጠገቡ ሲንከባለል የነበረውን ጓደኛውን ነው። ጋሼን ያየው የለም።

እህቴ ይኼን ሳታነሳ አትውልም። «አንተም አንዳንዴ ውደቅላቸው እንጂ! ምን አለበት?»

እሱ እየሳቀ፣ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው፣ «የሚወድቅ፣ የዘገየ ሰው ነው» ይላታል።

ልብሱን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ነጭ ሱሪ። የሌሎቹ ተጫዋቾች ሚስቶች በሳር እድፍ ሲማረሩ የእኛው ጉልበቱ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው። ሳር ነክቶት አያውቅም።

ይኼን እያሰብኩ ልጅቱ ትኩስ ድንች ጥብስ አምጥታ አፌ ውስጥ ከተተችብኝ። ጨው በዝቶበታል። የት ደርሼ ነበር? አዎ፣ ያ በጋ።

ያ በጋ እንግዳ ነበር። ሙቀቱ ሌሊትም አይበርድም፤ ወንዙ ይሸታል፤ ሰማዩ ልብስ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። አንድ እሁድ ከጸሎት መልስ ሜዳ ሄድን። «ቋ!» አለች። ጋሼ ሮጠ። ሮጠ፣ ግን አልቆመም። መጨረሻ ላይ እጁን ዘርግቶ ተወረወረና ሳሩ ላይ ተንሸራቶ፣ ኳሱን መሬት ሊነካ ሲል ያዘው። ሰዉ ባንድ ጊዜ ብድግ! ጭብጨባ፣ ፉጨት። ስሙን እየጠሩ ጮሁ፤ ከዚያ በፊት ስሙን ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። ሕፃኗን እንዳቀፍኩ እልል ልል ስል እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባ።

«ወደቀ» አለች።

«ያዘው እኮ እትዬ!»

«ወደቀ።»

ሱሪውን ስዘፈዝፈው ጉልበቱ አረንጓዴ ነበር። በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፤ አረንጓዴው ሄዶ ቢጫ ይሆናል እንጂ አይለቅም። እህቴ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

በሚቀጥለው ጨዋታም ወደቀ። ከዚያ በኋላ ባለውም። በወደቀ ቁጥር ጭብጨባው ጨመረ። ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ እኔ ማንበብ አልችልም፣ ፎቶውን ግን አየሁት፤ አየር ላይ ተዘርግቶ ክንፍ ያበቀለ ይመስላል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ቆርጣ መስታወቷ ላይ ለጠፈችው። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። ጋሼ ወተት ሲቀዳ ከብርጭቆው አጠገብ ያፈሳል። በር ሲያልፍ ትከሻው መቃኑን ይመታል። ሕፃኗ ከግራው በኩል እጇን ስትዘረጋለት አያያትም፤ ዘርግታ ዘርግታ ታለቅሳለች።

እህቴ የዓይን ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ያዘችለት። እሱ ግን የመጨረሻው ጨዋታ ይለፍ አለ፤ ከደቡብ፣ ከአንድ ትልቅ ቡድን፣ እሱን ሊያይ ሰው ይመጣል ተብሏል።

«ቴርሚን አለህ፤ ትሄዳለህ!»

«ከጨዋታው በኋላ።»

«ዓይንህ ነው እኮ! ኳሱ ግንባርህን ቢያገኝህስ?»

«አሁን ገና አዩኝ» አላት። ሳቁ ፊቱ ላይ አልነበረም። «ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ያዝኩ። አላዩኝም። አሁን አዩኝ።»

ውደቅላቸው ስትለው የኖረችው እሷ አይደለች?

የዚያን ቀን ሰማዩ ከጠዋቱ ከበደ። ወፎቹ ሳሩን እየታከኩ ይበራሉ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ሽታው መጥቷል። እህቴ አልተቀመጠችም፤ የአጥሩን ሽቦ ጨብጣ ቆማለች።

«ቋ!»

ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶ ሮጠ። ከዚያ ቆመ። እንደ ድሮው። ረጋ ብሎ ዞረ፣ ጓንቱን ከፍ አደረገ፣ ጠበቀ።

«ደረሰ!» አለች እህቴ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ተመስገን፣ ተመስገን፣ ቀድሞ ደረሰ!»

ኳሱ ግን በግራው በኩል፣ ከሱ ራቅ ብሎ፣ ሳሩ ላይ «ጡብ» አለ።

አላየውም። ጓንቱን ወደ ሰማይ ከፍቶ ይጠብቃል። አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በግራ የሚቆመው ያ ጀርመን ኳሱን ትቶ ወደሱ ሮጠ፤ ክንዱን ይዞ ቀስ አድርጎ አወረደለት።

ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ከዓይኑ በስተጀርባ፣ የበቀለ ነገር ነበር። ቆይቷል አሉ ሐኪሞቹ። ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ እየደገፍን ወደዚሁ ሜዳ እናመጣው ነበር፤ ሌሎቹ ሲለማመዱ። ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። እንጨቷ «ቋ!» ስትል ጣቱን አንስቶ ያሳየኛል፤ ወደዚያ። ኳሱም እዚያው ይወርዳል። እህቴ ትከሻው ላይ ተደግፋ ታጨበጭብለታለች፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት እንደምትፈራ ሰው፣ ቀስ ብላ።

በረዶው ሳይቀልጥ አረፈ። አሁን እህቴም የለችም። ሱሪው ምድር ቤት፣ ኬለር ውስጥ ተጣጥፎ አለ፤ ቢጫው አልለቀቀም።

ዛሬ እሱ በነበረበት ቦታ አንድ ጎረምሳ ቆሟል። «ቋ!» አለች። ሮጠ፣ ተወረወረ፣ ሳሩ ላይ ተንሸራቶ ያዘ። ሰዉ ብድግ አለ። የልጅ ልጄ አግዳሚው ላይ ወጥታ «ኦማ፣ ሀስት ዱ ገዜን?» እያለች ታጨበጭባለች።

«አይቻለሁ» አልኳት።

እኔ ግን ጎረምሳውን አልነበረም የማየው። ከሚያጨበጭበው ሰው መሀል እጇን ያላነሳች ሴት ትኖር እንደሆነ፣ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይኔ እፈልግ ነበር።