ሁለት ባላ የተከለው ጣሊያን

ሰኞ፣ ቡታጅራ፣ ጎህ ሳይቀድ

ከሐጂ ሸረፋ የበርበሬ መጋዘን ወጣን። ሐጂ ከጦሩ የከዳውን ጣሊያን፣ ፒየትሮን፣ አራት ቀን ከጆንያዎቹ ኋላ ደብቀውት በበርበሬው ብናኝ ዐይኑ ደም መስሏል። ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ሰጡንና "አላህ ያድርሳችሁ" አሉን። እኔ በቅሎ ነጋዴ ነኝ፤ ጣሊያንኛዋን የቃረምኳት በግዳጅ መንገድ ሥራ ድንጋይ ስፈልጥ ነው። አሁን ሰውየውን ወልቂጤ አጠገብ ላሉት አርበኞች አደርሳለሁ። ዋሱም እኔ ነኝ፤ እሱ ቢያጠፋ የምጠየቀው በነፍሴ ነው።

ሰኞ ከሰዓት፣ ዳገቱ ላይ

ዝናብ፣ ጭቃ፣ ብርድ። የተቃጠሉ ጎጆዎችን አለፍን፤ በየጓሮው እንሰቱ ብቻ ቆሟል። ፒየትሮ ቀና ብሎ አላያቸውም።

እሳት ልናነድ ስንል እያንዳንዱን እንጨት እያነሳ ጉንዳኑን ያራግፋል። እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ እሱ ለጉንዳን ያዝናል! ተናደድኩ። ምክንያቱን ነገረኝ። የመርከብ ሠራተኛ ሳለ ኮሚኒስት ሆኗል። ኋላ ሲሎን ደሴት ላይ በወባ ወድቆ የቡድሃ መነኮሳት አስታመውት ነፍስ ላለማጥፋት ምሎላቸዋል። ኮሚኒስቶቹም መነኮሳቱም የሰው መከራ የሚመጣው ከስስት ነው ይላሉ አለኝ።

"ታዲያ የት ላይ ይጣላሉ?" አልኩት።

"ጠመንጃው ላይ።"

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን ተረት እንደምንም ተረጎምኩለት። በመንገዱ ሁሉ የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ እምድብር አጠገብ

ያደርነው አቶ ሳህሌ ቤት ነው። ጓሮ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ይፍቃሉ፤ ዛሬ የዚህችን፣ ነገ የዚያችን። ፒየትሮ ፊቱ በርቶ "ይኸው ኮሚኒዝም፣ ያለ ደም!" አለኝ። ለአቶ ሳህሌ ሚስት ነገርኳት። ሥራው የጋራ ነው፣ እንሰቷ ግን ባለቤት አላት ብላ ሳቀች። ይህን አልተረጎምኩለትም።

ረቡዕ፣ ወልቂጤ አጠገብ

የአርበኞቹ አለቃ ፊታውራሪው ብዙ አልጠየቁም። እጁ የታሰረ ባንዳ አስመጡና ለፒየትሮ ጠመንጃ አቀበሉት። "ይህን ይግደልና እንመነው፤ በለው" አሉኝ።

ፒየትሮ ጠመንጃውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። "አልችልም በላቸው።"

ነገርኳቸው።

"እንግዲያው ዋሱም አብሮ ይቁም" አሉ።

እጄን የኋሊት አስረው ከባንዳው ጎን አቆሙኝ። ይህን መተርጎም አላስፈለገም። ፒየትሮ እጄን ብዙ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠመንጃውን አነሳ። ዐይኔን ጨፈንኩ።

ጠመንጃው ጮኸ፤ ባንዳው ሲወድቅ ትከሻዬን ነካኝ። እኔ በመትረፌ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ማፈር የጀመርኩት ኋላ ነው።

አመሻሽ ላይ ፒየትሮ እንጨት ለቅሞ መጣና እንዳለ እሳቱ ውስጥ ከተተው። ጉንዳኖቹ ከሚነደው ጫፍ ወዳልነደደው ተሯሯጡ። "አላራገፍከውም" አልኩት።

"አንዱ ባላ ተሰበረ" አለኝ።

ሐሙስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ስመለስ

ብቻዬን ነኝ፤ ፒየትሮ አርበኞቹ ዘንድ ቀርቷል። ዛሬም ዝናብ ነው። እሳት ላነድ እንጨት ለቀምኩና አንድ በአንድ አራገፍኩት። ጊዜ ወሰደብኝ፤ እጄም በብርድ ደነዘዘ።