ደሞዝ የሌለው ወር

አዲሱን የዲስክ ማከማቻ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑን ለሁለት ተጋግዘን ስንጭነው የባጃጁ ሾፌር ወገቡን ይዞ፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው?» አለኝ።

«የሬዲዮ ጣቢያችን ወሬ የሚቀመጥበት ነው።»

«ወሬም እንዲህ ይከብዳል?»

«ገና ባዶ ነው።»

«ሲሞላማ እኔን እንዳትጠሩኝ» አለና እስከ ፒያሳ ለብቻው ሲስቅ ሄደ።

እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ጣቢያው የቀዳው ሁሉ የተቀመጠው በአንድ ያረጀ የመጠባበቂያ ሰርቨር ላይ ነበር። ከዲስኮቹ አንዱ ሞቷል፤ የቀሩት የሱን ድርሻ ተካፍለው ይንገታገታሉ። አንድ ሌላ ከሞተ የሁሉም ነገር ያበቃል። ስለዚህ ቅጂው ወደ አዲሱ እስኪሻገር ማንም ምንም እንዳይከፍት፣ ክፍሉም ውስጥ እንዳይገባ ከልክዬ ነበር። በዚህ ነገር ጸባዬ አያምርም፤ ሻይ ይዞ የገባ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

ክልከላው ከሁሉ ይልቅ የከበዳት አንዲት የፕሮግራም አዘጋጅ ናት። የጎንደር የቆየ የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ነች። ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩት አባቷ አምና አርፈዋል። ስልክ ሲደቀንባቸው ዝም የሚሉ ሰው ስለነበሩ ቤት ውስጥ ፎቷቸው እንጂ ድምፃቸው የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአዲስ ዓመት በዓል ዝግጅት ስለ ድሮው ገበያ እንዲያወሩ በስንት ልመና ተቀድተው ነበር። ሰዓት ጠቦ ሳይተላለፍ ቀረ። ያ ቅጂ ያለው እዚያው ያረጀ ሰርቨር ውስጥ ነው።

ጧት ጧት በሩ ላይ ትቆማለች፤ ደፉን አታልፍም።

«ምነው፣ አባቴ አልተሻገረም?»

«መንገድ ላይ ናቸው፣ እታለም።»

«ቀስ አድርጋችሁ አሻግሩት። ጉልበቱን ያመዋል።»

እሷ ስትቀልድ እኔ የበለጠ እፈራ ነበር።

የማሻገሪያውን የኮምፒውተር ትእዛዝ የጻፈው አብሮኝ የሚሠራው ባለሙያ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ነው። ፎልደሮቹ በዓመትና በወር የተቀመጡ ስለሆኑ ትእዛዙም በዓመትና በወር እየሄደ ይቀዳል። መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሁለታችንም ባትሪውን አፍጥጠን እናያለን። እንዲህ እንዲህ እያልን ጨረስን። የተቀዳውን ከዋናው ጋር አመሳከረ፤ አንድም የተበላሸ የለም። አሮጌውን ሰርቨር አጠፋነው። በማግስቱ ዲስኮቹ ላይ ያለውን ሰርዘን ለንብረት ክፍል ልንመልስ ተስማማን።

እሷም ወዲያው ተጠርታ መጣች። የነሐሴውን ከፈትን፣ የለም። የመስከረሙን ከፈትን፣ የለም። የቀዳው ሰው ስም አሳስቶ አስቀምጦት ይሆናል ብዬ በሌላ ስም ፈለግሁ፤ እሱም የለም።

«ጠፋ በለኛ» አለች። ይሄኔ ቀልዷ ሁሉ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

የተቀዳበትን ቀን እንድታስታውስ፣ «ቀኑ ምን ዓይነት ቀን ነበር?» አልኳት።

«ዝናብ ነበር። ሱቅ ውስጥ አብሬው ነበርኩ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ደጃችን ላይ ይጮሁ ነበር። ጋዜጠኛው በሩን ልዝጋ ሲል አባባ ተዋቸው፣ ይጠመቁ አለው።»

ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ዝናብ የሚጠመቁት ለሩፋኤል ነው። ሩፋኤል ደግሞ ጳጉሜን ውስጥ ነው። ወደ ባልደረባዬ ዞርኩ።

«ትእዛዝህ ስንተኛው ወር ላይ ያቆማል?»

«አሥራ ሁለት» አለ ሳያመነታ። ቀጥሎ ግንባሩን ያዘ።

የተማርንባቸው መጻሕፍት ሁሉ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ያቆማሉ፤ ማመሳከሪያውም እዚያው ላይ አቁሟል። በየዓመቱ ጳጉሜን ብቻዋን ቀርታለች። ልጮህበት አፌን ስከፍት፣ «ደሞዝ የሌለውን ወር ማን ያስታውሰዋል?» አለኝ በደከመ ድምፅ። እውነቱን ነው። የነሐሴን ደሞዝ እስከ መስከረም መጨረሻ የምንጎትት ሰዎች ነን። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ።

ሳቁ አልቆየም። ያረጀ ዲስክ አንዴ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ ላይነሳ ይችላል። እሷ አሁንም ደፉ ላይ ቆማለች።

«ግቢ» አልኳት። ያንን ክልከላ ስጥስ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያዎቹ አቃሰቱ። መብራቶቹ ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ፤ የሞተው ብቻ እንደ ወትሮው ቀይ በራ። ሌላ ነገር ሳንነካ መጀመሪያ የዚያን ዓመት ጳጉሜን አሻገርን፤ ከዚያ የቀሩትን አስከተልን። ሲያልቅ ከአዲሱ ማከማቻ ላይ ከፈትኩትና ድምፅ ማጉያውን እሷ ወደተቀመጠችበት አዞርኩት።

ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ተሰማ፤ የልጆች ጩኸትም። ጋዜጠኛው ስለ በሩ አንድ ነገር አለ። «ተዋቸው፣ ይጠመቁ» አሉ ሽማግሌው። ያልቸኮለ፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ ነበር። ከዚያ ከማይኩ ራቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ለእንግዳው ወንበር አምጪለት» ብለው ተጣሩ።

«አቤት አባባ» አለች አጠገቤ፣ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ።

በቅጂው ውስጥ ያለችው እሷ የመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው።